ሙከራ

በዜናችን «ሙከራ» አብዛኛውን ጊዜ ያልተሳካ ነገር ነው፦ መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ፣ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ስትወጣ። የሶፍትዌር ሰዎች ግን ቃሉን መፈተሽ ወደሚለው ይወስዱታል፤ ተጠቃሚውን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ አሮጌውን፣ ለግማሹ አዲሱን ገጽ ማሳየት። ኤ/ቢ ቴስት የሚሉት ይኼንኑ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍቱ የፍለጋ ሞተር ቢንግ ላይ የማስታወቂያ ርእስ አቀራረብ እንዲቀየር አንድ ሠራተኛ ያቀረበው ሐሳብ ከስድስት ወር በላይ ተኝቶ ከረመ። ሥራው የጥቂት ቀን ነበር! በኋላ አንድ ኢንጂነር ሞከረው፤ በሰዓታት ውስጥ ገቢው ከመጠን በላይ ስለጨመረ «ስህተት ሳይኖር አይቀርም» የሚል ማንቂያ መጣ። ስህተት አልነበረም፤ ጭማሪው 12 በመቶ፣ በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እርግጥ እዚያ ከሚሞከረው አብዛኛው ይወድቃል፤ እሱም ቢሆን ሙከራ ነው፣ እንደ ኳሷ።