ጆንያ፣ እሳትና ሥዕል

«ሥዕል ምንድን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን «በሸራ ላይ በቀለም የተሣለ የሰው፣ የእንስሳ ወይም የአገር መልክ ነው» ብለን እንመልስ ይሆናል። ነገር ግን በሃያኛው ምዕተ ዓመት የተነሡ አንዳንድ ሠዓሊዎች መልክ ማሳየቱን ትተው፣ ሥዕሉ የተሠራበት ዕቃ ራሱ፣ ሻካራነቱ፣ ስንጥቁና ስፌቱ፣ እንዲናገር አድርገዋል። ይህን ዓይነቱን ረቂቅ ሥዕል ለመረዳት የአንድ ሰው ታሪክ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አልቤርቶ ቡሪ በ1915 ቺታ ዲ ካስቴሎ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተወለደ። ስሙን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከባድ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በፈቃዳቸው ከዘመቱት ወጣቶች አንዱ እርሱ ነበር። ከዚያም የሕክምና ትምህርቱን በ1940 ፈጽሞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሐኪም ሆኖ ዘመተ። በ1943 በቱኒዚያ ተማርኮ፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ሄርፎርድ ወደሚባለው የምርኮኞች ሰፈር ተወሰደ። በዚያም እጁ በገባው ጥቂት ዕቃ ሥዕል መሣል ጀመረ።

በ1946 ወደ አገሩ ሲመለስ ሕክምናውን ትቶ ሮማ ተቀመጠ። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ አሮጌና የተቀደደ ጆንያ እየጣፈና እየሰፋ፣ እንደ ሥዕል በግድግዳ ላይ ይሰቅል ጀመር። ብዙ ሰዎች ስፌቱን ሲያዩ የቆሰለ ሥጋ ታያቸው፤ ቡሪ ግን ሥራውን በቃል መተርጐም አይወድም ነበር። ቀጥሎም እንጨት አቃጠለ፤ የብረት ቆርቆሮ በየደ፤ ፕላስቲክ በእሳት አቀለጠ። በ1970ዎቹ ደግሞ ነጭ ቀለም ከሙጫ ጋር ለውሶ በወፍራሙ ይቀባ ነበር። ልውሱ ሲደርቅ እርጥበቱ ስለሚወጣ ይኰማተራል፤ ሲኰማተርም በበጋ እንደሚሰነጠቅ እንደ ዋልካ መሬት ይተረተራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው በሲሲሊያ ደሴት ይገኛል። በጥር ወር 1968 ጂቤሊና የተባለችውን ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት፤ ነዋሪዎቿም ሌላ ስፍራ አዲስ ከተማ ተሠራላቸው። ቡሪ የቀድሞዋን ከተማ ፍርስራሽ በነጭ ሲሚንቶ እንዲሸፈን አደረገ፤ በመንገዶቿም ፈንታ ሰው የሚሄድባቸው ስንጥቆች ተተዉ። ስምንት ሄክታር ያህል የሚሸፍነው ይህ ሥራ የተፈጸመው ቡሪ በ1995 ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2015 ነው።

እንግዲህ በወራሪ ጦር ውስጥ የዘመተን ሰው ሥራ ልናደንቅ ይገባናልን? ነገሩን ስንመረምረው፣ ጥበቡ ዘመቻውን አያነጻውም፤ ዘመቻውም ጥበቡን ከታሪክ አይፍቀውም። ታሪክ የሚማር ሰው ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ሊጽፋቸው ይገባዋል።

በዚህም መንገድ የሄደ የአገራችን ሰው አለ። በ1937 በአዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር ቦጎሲያን በሎንዶንና በፓሪስ ከተማረ በኋላ፣ ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው፣ በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» የተሣለው በተቈረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው። በኋላም በዛፍ ልጥና በፍየል ቆዳ ላይ ሠርቷል። ይህ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቆዳ ወጥረውና ፍቀው ብራና ያደርጉ፣ ሥዕል የተሣለበትን ጨርቅም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበርና።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ረቂቅ ሥዕል ባየን ጊዜ «ይህ ምንን ይመስላል?» ከማለታችን በፊት፣ «ከምን ተሠራ? ያ ዕቃስ ቀድሞ በማን እጅ ነበር?» ብለን እንጠይቅ።