የአንዲት እንደራሴ ጥያቄ

የተቃዋሚ ኀይል የሚለካው በድምፅ ብዛት ብቻ ነውን? ለዚህ የደቡብ አፍሪቃዋን እንደራሴ የወይዘሮ ሄለን ሱዝማንን ሥራ ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

ወይዘሮ ሱዝማን ፓርላማ የገቡት በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። በ1961 ምርጫ ከፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ዕጩዎች እርሳቸው ብቻ ስላሸነፉ፣ ለ13 ዓመታት ፓርቲያቸውን ብቻቸውን ወከሉ። በ1963 ፖሊስ ሰውን ያለ ፍርድ 90 ቀን እንዲያስር የሚፈቅደው ሕግ ሲቀርብ፣ ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ እንኳ ሲደግፈው እርሳቸው ተቃወሙ።

ሕጉን ማስቀረት አልቻሉም፤ ነገር ግን አንድ መሣሪያ ነበራቸው፤ ይኸውም ጥያቄ ነው። ስለ እስረኞች፣ ስለ ይለፍ ወረቀት፣ ከመኖሪያቸው ስለሚፈናቀሉ ሰዎች ሚኒስትሮችን ዘወትር ይጠይቁ ነበር። መልሱም በምክር ቤቱ መዝገብ ይጻፋል፤ ጋዜጦችም ያትሙታል። ጥያቄዎ አገራችንን ያሳፍራል ቢሏቸው፣ የሚያሳፍረው ጥያቄዬ ሳይሆን መልሳችሁ ነው ሲሉ መለሱ። በ1967ም ሮበን ደሴት ሄደው ኔልሰን ማንዴላን አነጋገሩ፤ የእስረኞቹንም አቤቱታ ለመንግሥቱ አቀረቡ።

ጥቁሮች በማይመርጡበት ምክር ቤት መቀመጥ ለምክር ቤቱ ክብር መስጠት ነው የሚሉ ነቃፊዎች አሉ። ነቀፌታው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዚያ ወንበር ባይቀመጡ ኖሮ፣ ሚኒስትሩ መልሱን በገዛ ቃሉ በመዝገብ እንዲያሰፍር የሚያስገድደው ማን ነበር? ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ብቻውን የቆመ እንደራሴ ሕግ መሻር ባይችልም፣ መንግሥት አላወቅሁም እንዳይል ያደርገዋል።