ዞን፣ ዝናር፣ መቀነት

«ከተማ መሀል ያለ የአራዊት ማቆያ የሚሰፋው ዞኒንጉ ሲፈቅድና በፈር ዞኑ ሲጠበቅ ነው» አለኝ አንድ የፕላን ባለሙያ ወዳጄ። ሐሳቡ ገባኝ፤ «ዞን» የሚለው ቃል ግን ሲከነክነኝ ዋለ። ለእኛ ዞን በክልልና በወረዳ መካከል ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። ሥሩ ግን ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙም መታጠቂያ፣ መቀነት ነው። መነኩሴ ወገቡን የሚያስርበት፣ አርበኛ ጥይት የሚደረድርበት ዝናርም ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው። ስለዚህ ቃሉ ዘመዳችን ነው፤ ከእኛ ጋር ከኖረ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ዞኒንግን «የመሬት አጠቃቀም ምደባ» ብንለው ሁሉም ይረዳዋል፤ ይህ ለመኖሪያ፣ ያ ለንግድ፣ ያኛው ለአራዊት ማለት ነውና። በፈር ዞኑን፣ ማለትም ሁለት አጠቃቀሞችን የሚለየውን መሬት ደግሞ፣ ዛፍ የሚተከልበት እስከሆነ ድረስ፣ «የዛፍ መቀነት» እለዋለሁ። በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመውን የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ አስቡት። በአጥሩና በመንገዱ መካከል ወይራና ጽድ ጥቅጥቅ ብሎ ቢበቅል፣ የመኪናው ጩኸት ለአንበሳው፣ የአራዊቱ ሽታም ለጎረቤቱ ይለዝባል። መቀነት ሥራው ይኸው ነው፤ ወገብ ይይዛል፣ ያጸናል። ፕላን አውጪዎች ሆይ፣ ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ጻፉለት።