የጠመንጃ ስሞችና የባለጠመንጃው ምርጫ ስለ ታሪካችን ምን ይነግሩናል?

በአማርኛ ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ የጠመንጃን ስም ያህል ተደጋግሞ የሚነሣ ነገር ጥቂት ነው። ስናድር፣ ውጅግራ፣ አልቢን፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እየተባለ ሲፎከር ኖሯል። ተማሪዎቻችን እነዚህን ስሞች ከአያቶቻቸው አፍ ይሰማሉ፤ ይሁን እንጂ ስሞቹ ከየት እንደ መጡና አንዱ ሰው ውጅግራን፣ ሌላው ምንሽርን ስለ ምን እንደ መረጠ የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። እኛ ግን ጥያቄው ለታሪክ ትምህርት እጅግ ጠቃሚ ነው እንላለን። የባለጠመንጃው ምርጫ ላይ ላዩን ሲታይ የግል ፍቅርና ኩራት ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ከምርጫው በስተጀርባ የጥይቱ ምንጭ፣ የወደቡ መንገድ፣ የመንግሥታት ውልና የገባሩ ጉልበት ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከነፍጥ መምጣት እስከ ጎንደር ዘመን

ነፍጥ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው የሚቀጣጠል ዘይትን ያመለክት ነበር። ባሩድ የሚለውም እንደዚሁ ከቀይ ባሕር ማዶ የተገኘ ቃል ነው። ስለዚህ ስሞቹ ራሳቸው የጦር መሣሪያው በየት በኩል እንደ ገባ ይመሰክራሉ።

የነፍጥ ኃይል በኢትዮጵያ ጦርነት ውስጥ ጎልቶ የታየው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ነፍጥና መድፍ ይዘው ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጡ። ኢማም አሕመድም በበኩሉ ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጠኞች አስመጣና በ1534 ዓ.ም. መጨረሻ ዳ ጋማን ድል አደረገው። በማግሥቱ ዓመት፣ በየካቲት 1535 ዓ.ም.፣ በወይና ደጋ ጦርነት ኢማሙ ራሱ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። በሁለቱም ወገን ነፍጡ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ተማሪዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ነፍጥ በአገሩ ቢኖርም መኳንንቱ ሁሉ ወዲያው አልወደዱትም። በፈረስ ላይ ተቀምጦ በጦርና በጋሻ መዋጋት የጨዋ ልጅ ሙያ ሲሆን፣ ነፍጥ ይዞ ከሩቅ መተኮስ ግን ለብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። የዚያ ዘመን ነፍጥ ከአፈሙዙ ባሩድና አረር የሚጎርስና በሚጤስ ክር የሚለኮስ ስለ ነበር በዝናብ ጊዜ አያገለግልም፤ ለመተኮስም ድጋፍ ይፈልጋል። ያም ሆኖ በ18ኛው መቶ ዓመት የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል በሺህ የሚቆጠሩ ነፍጠኞችን አሰልፎ የጎንደርን ቤተ መንግሥት በእጁ አደረገ። ይህን ለማድረግ የቻለው ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በአገሩ ስለሚያልፍ ነው። ከወደቡ የራቁት መሳፍንት ደግሞ በፈረሰኛ ብዛት ይመኩ ነበር። እንግዲህ አንዱ ጦርን፣ ሌላው ነፍጥን መምረጡ በመልክዓ ምድር የተወሰነ ነበር ማለት ነው።

ስናድርና ረሚንግተን

ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያን ከውጭ ከመለመን ይልቅ በአገር ውስጥ ማሠራት ፈልገው በጋፋት የነበሩትን የውጭ አገር ሰዎች መድፍ አስቀለጧቸው። ወደ 7,000 ኪሎ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በወታደር ትከሻና ክንድ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ሆኖም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ በተደረገው ውጊያ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች ይዘውት የመጡት ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበር። ይህ ጠመንጃ በፈልሳፊው በያዕቆብ ስናይደር ስም የሚጠራ ሲሆን በእኛ አገር አፍ «ስናድር» ሆነ። ከአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲተኮስ ስናድር እስከ አሥር ጊዜ ይተኮሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከኋላው የማይጎርስ ጠመንጃ ያለው ሰው ራሱን ከታጠቀ አይቆጥርም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ሲያደርጉ ግብፃውያኑ ታጥቀውት የመጡት የአሜሪካ ሥሪት የሆነው ረሚንግተን በብዛት ተማረከ። ስለዚህ በሰሜኑ ክፍል ረሚንግተን የታወቀና የተወደደ መሣሪያ የሆነው በገበያ ብቻ ሳይሆን በምርኮም ጭምር ነው። በምርኮ የተገኘ ጠመንጃ ደግሞ ከተገዛው ይልቅ ለባለቤቱ ክብር ይሰጠው ነበር፤ ጠመንጃው የጀብዱው ምስክር ነውና።

ውጅግራ ለምን ተወደደ?

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መሣሪያ የሚያገኙት በታጁራ፣ በኦቦክና በኋላም በጂቡቲ በኩል ነበር። ነጋዴዎቹም አብዛኛዎቹ ፈረንሳውያን ነበሩ። የታወቀው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣና አራት ወር ያህል ተጉዞ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ገባ። ይዞት የመጣው ግን በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ከአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ምኒልክ የመሣሪያን ዋጋና ጥራት የሚያውቁ ገዢ ስለ ነበሩ ዋጋውን ቀንሰው ገዙት፤ ራምቦም ከንግዱ ያሰበውን ሳያተርፍ ቀረ። ኢጣልያም በበኩሏ በጥቅምት 1880 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት 5,000 ረሚንግተን ለምኒልክ ለመስጠት ቃል ገብታ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል የወታደሩንና የገበሬውን ልብ የማረከው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ መሣሪያውን ያወጣው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። ፈረንሳይ ይህን ጠመንጃ ለጦሯ የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። በ1886 ደግሞ ስምንት ጥይት በአንድ ጊዜ የሚይዘውንና ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኮሰውን ለቤልን፣ የእኛን «ለበን»፣ ስታወጣ አሮጌውን ውጅግራ ለነጋዴዎች ለቀቀችው። እንግዲህ ውጅግራ በኢትዮጵያ የበዛው ፓሪስ ላይ ስለ ተናቀ ነው።

ሆኖም የኢትዮጵያ ባለጠመንጃ ውጅግራን የወደደው ሌላ ስላጣ ብቻ አልነበረም፤ የራሱ ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ ጥይቱ በየገበያው ይገኛል። ሁለተኛ፣ ተተኩሶ የቀረው ቀለህ አይጣልም፤ ከአፋር በረሃ የሚመጣ ድኝ፣ ከሰልና ከአፈር ተጣርቶ የሚወጣ ጨው ተቀምመው በተሠራ ያገር ባሩድ እንደ ገና ይሞላል። ጭስ አልባው የለበን ጥይት ግን በዚህ ዓይነት አይታደስም። ሦስተኛ፣ የውጅግራ አረር 11 ሚሊሜትር ውፍረትና 25 ግራም ያህል ክብደት ስላለው ለትልልቅ አውሬ አደን ይመረጣል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ ጭሱም ተኳሹ ያለበትን ቦታ ያጋልጣል።

የውጅግራ ጥይት ተፈላጊነቱ ከመብዛቱ የተነሣ በብዙ አውራጃ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የብር ዝርዝር ሆኖ ይገበያዩበት ነበር። ስለዚህ ዝናሩን ሞልቶ ገበያ የወጣ ሰው መሣሪያውንም ገንዘቡንም በወገቡ ታጥቋል ማለት ነው። ሠርግና ለቅሶ ላይ ጥይት መተኮስ የክብር ምልክት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለናል፤ ጥይት የተኮሰ ሰው በዘመድ ፊት ገንዘቡን አወጣ ማለት ነውና።

አያያዝና አተኳኮስ

የአያያዙም ነገር የራሱ ሥርዓት ነበረው። በዘመኑ በተነሡ ፎቶግራፎች እንደሚታየው ብዙው ወታደር ጠመንጃውን በትከሻው ላይ ሰደፉን ወደ ኋላ፣ አፈሙዙን ወደ ፊት አድርጎ ይሸከማል፤ ወይም ዱላውን እንደሚይዘው በአንገቱ ጀርባ ያጋድመዋል። ትልቅ ሰው ግን ጠመንጃውን ራሱ አይሸከምም። በጨርቅ ተሸፍኖ በአሽከር ትከሻ ላይ ሆኖ ከጌታው ጋር ይጓዛል። ሽፋኑ መሣሪያውን ከአቧራና ከዝናብ ይጠብቃል፤ የጌታውንም ማዕርግ ያሳያል።

በአተኳኮስም ቢሆን ጥይት ውድ በነበረበት አገር ተኩስ ማባከን ነውር ነበር። ጥሩ ተኳሽ የሚባለው ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ ሳይሆን ተጠግቶ፣ ድንጋይ ወይም ግንድ ተደግፎ፣ በአንድ ጥይት ዒላማውን የሚመታ ነው። ፉከራው የጠመንጃውን ስም የሚያነሣውም የተኩሱን ብዛት ለመቁጠር ሳይሆን ግዳዩን ለመናገር ነው።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

ስለ ጠመንጃ ፍቅር ስናስተምር ይህን ጥያቄ መዝለል አይገባንም። መሣሪያው የሚገዛው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ፣ በቡናና በቆዳ ነበር፤ ከባሪያ ንግድ የሚገኘው ቀረጥና ትርፍም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በተደረገው ዘመቻ ብዙ ጠመንጃ የያዘው ወገን ጥቂት ወይም ምንም ያልነበረውን አሸነፈ፤ ነፍጥ የያዘው ወታደርም በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። ገባሩ እህል፣ ማርና ጉልበት እየገበረ የዚያን ጠመንጃ ዋጋ ለብዙ ዓመታት ከፈለ። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል መጀመሪያ የሙያ ስም ነበር፤ በኋላ የሥርዓቱ መጠሪያ ሆነ፤ በዛሬ የፖለቲካ ንግግር ደግሞ ሌላ ከባድ ትርጉም ተሸክሟል። ስለዚህ መምህሩ ሦስቱን ደረጃዎች ለይቶ ማስረዳት ይኖርበታል፤ ካልለያቸው ክፍሉ ከታሪክ ይልቅ የጠብ መድረክ ይሆናል።

በሌላው ወገን ያው ጠመንጃ አገርን ከቅኝ ግዛት አድኗል። የአውሮፓ መንግሥታት በሰኔ 1882 ዓ.ም. በብራስልስ ተሰብስበው አዳዲስ ጠመንጃ ወደ አብዛኛው አፍሪካ እንዳይገባ ሲወስኑ ኢትዮጵያ መሣሪያ ማከማቸቷን አላቋረጠችም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር ከ70,000 በላይ ጠመንጃ እንደ ነበረው ይገመታል። የጄኔራል ባራቲየሪ 56 መድፎችም ተማርከው ቀሩ። ያንኑ ድል ያስገኘው ጠመንጃና የገባሩን ጎጆ ያራቆተው ጠመንጃ አንድ መሆኑን ተማሪዎች ቢያውቁ የታሪክ ፍርዳቸው ይበስላል እንጂ አይጎዳም።

ከማይጨው ወዲህ

ከዐድዋ በኋላ ባሉት 40 ዓመታት የጠመንጃው ዓይነት በዛ። ምንሽርና ቤልጅግ ገቡ፤ ውጅግራና ስናድርም አልጠፉም። ሆኖም ይህ ልዩ ልዩነት ለባለቤቱ ኩራት ሲሆን ለአገር ድክመት ሆነ። ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራዋን ስትጀምር የአንዱ ጥይት በሌላው ጠመንጃ አይገባም ነበር። ለሽንፈቱ ዋነኞቹ ምክንያቶች አውሮፕላኑ፣ የመርዝ ጋዙና ከባዱ መሣሪያ ቢሆኑም፣ የጥይት አለመመሳሰል ጉዳቱን አባብሶታል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት አርበኞች የምርጫን ትክክለኛ መለኪያ በተግባር አሳዩ። ከውጭ ጥይት የሚልክላቸው ስላልነበረ የጠላት ጠመንጃ መያዝ ይበጃቸው ነበር፤ ጥይቱን ጠላት ራሱ እስከ ቦታው ያመጣዋልና። ከነፃነት ወዲህም የስሞቹ መለዋወጥ አልቆመም። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ርዳታ ውል ሲፈረም ኤም ዋን ታወቀ፤ በ1969 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲዞር ደግሞ ክላሽንኮቭ «ክላሽ» ተብሎ ገባ። የጠመንጃው ስም ሲለወጥ የአገሩ ወዳጅም ተለውጧል ማለት ነው።

ለክፍል ሥራ የሚሆኑ አሳቦች

መምህራን ይህን ርእስ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንደሚከተለው ሊያስተምሩት ይችላሉ።

1. ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከአካባቢው ሽማግሌዎች የጠመንጃ ስሞችን ጠይቀው ይመዝግቡ። እያንዳንዱ ስም ከየትኛው አገር፣ በየትኛው ወደብና በማን ዘመን እንደ ገባ በሰንጠረዥ ያሳዩ።

2. በካርታ ላይ ምጽዋን፣ ታጁራን፣ ጂቡቲንና ወደ ደጋው የሚወስዱትን የግመል መንገዶች ያመልክቱ። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ ምን እንደ ለወጠ ይወያዩ።

3. ክፍሉ በሁለት ተከፍሎ አንዱ ወገን ከዐድዋ ዘማች፣ ሌላው ከገባሩ ቦታ ሆኖ ስለ አንድ ውጅግራ ይናገር። ከዚያ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ሊሆን የሚችለው እንዴት እንደ ሆነ ይጻፍ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ እናክላለን። ይህ ሥራ ስሞችንና ታሪኮችን ለመሰብሰብ ነው እንጂ መሣሪያ ለመነካካት አይደለም። በቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃ ጥይት ጎርሶ ሊሆን ስለሚችል ተማሪዎች እንዳይነኩትና ወደ ትምህርት ቤትም እንዳያመጡት አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ዛሬ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ጠመንጃውን ለማየት ሙዚየም ይበቃል፤ ስሙንና ታሪኩን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ ቁጥራቸው እየቀነሰ ስለሚሄድ ጥያቄው ባይዘገይ መልካም ነው።