ኒኮላይ ጉሚልዮቭ፣ የሐረር መንገደኛና የግጥም ተርጓሚ

ሩሲያዊው ገጣሚና ተርጓሚ ኒኮላይ ስቴፓኖቪች ጉሚልዮቭ በ1886 (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሴንት ፒተርስበርግ አቅራቢያ ባለችው የምሽግ ከተማ በክሮንሽታት ተወለደ። አባቱ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበሩ። ያደገው በአብዛኛው የነገሥታቱ ማረፊያ በሆነችው በዛርስኮዬ ሴሎ ነው። እዚያ የተማረበትን ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ የነበሩት ኢኖኬንቲ አኔንስኪ፣ የግሪካዊውን የዩሪፒዲስን ተውኔቶች ወደ ሩስኛ የመለሱ ገጣሚ ነበሩ። ጉሚልዮቭ በትምህርቱ ደከም ያለ ነበር፤ ግጥሙን ግን አንድም ቀን አላቋረጠም። የመጀመሪያ መድበሉ በ1905 ታተመ። በባሕር ማዶ ጀብደኞች ዙሪያ የሚሽከረከረው ይህ መድበል ከኑሮ ሳይሆን ከመጻሕፍት የተቀዳ ስለነበር፣ ኋላ ራሱ ደራሲው ከሥራዎቹ ሊቆጥረው አልወደደም።

ከ1906 እስከ 1908 ፓሪስ ተቀምጦ የፈረንሳይን ግጥም አጠና። በ1909 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ተነሥቶ ሐረር ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ዓለም አና አኽማቶቫ ብሎ የሚያውቃትን ገጣሚ አገባ፤ ግን መኸሩ ሲገባ ሙሽራዋን ትቶ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ሄደ፣ እስከ አዲስ አበባም ዘለቀ። ጋብቻው ያልሰነበተው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም በጎ ጅምር ነበር ለማለት ይቸግራል። በ1912 የተወለደው ልጃቸው ሌቭ ኋላ ስመ ጥር የታሪክ ሊቅ ሆኗል። በእነዚሁ ዓመታት ጉሚልዮቭ ከሰርጌይ ጎሮዴትስኪ ጋር የገጣሚዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ ከዚያም አክሜይዝም የተባለው እንቅስቃሴ ወጣ። አኽማቶቫና ኦሲፕ ማንደልሽታም አባላቱ ነበሩ። ምሥጢርና ምልክት ከሚያበዙት ከቀደሙት ገጣሚዎች በተቃራኒ፣ ግጥም እንደማንኛውም የእጅ ሙያ ጥንቃቄ የሚፈልግና የሚጨበጥ ነገር የሚናገር ሥራ ነው ብለው አመኑ።

በ1913 የሄደበት ጉዞ ግን እንደ ቀድሞው የግል ሽርሽር አልነበረም። የላከው የሩሲያ ሳይንስ አካዳሚ የሥነ ሰብእ እና የብሔረሰቦች ጥናት ሙዚየም ነው፤ ሥራውም ዕቃ መሰብሰብ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ዘፈንና ተረት መመዝገብ ነበር። የእኅቱን ልጅ ኒኮላይ ስቬርችኮቭን አስከትሎ ከኦዴሳ በመርከብ ጅቡቲ ገባ። ባቡሩ አይሻ ላይ ሲደርስ ዝናብ ሐዲዱን ስለጠረገው መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ሁለቱ ሩሲያውያን በሐዲድ ላይ በሚገፋ ትንሽ ጋሪ ተጭነው ድሬዳዋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ሐረር ወጡ። ሐረር ላይ አገረ ገዥው ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን፣ የኋላው ንጉሠ ነገሥት፣ ተቀበሏቸው። ጉሚልዮቭ ፎቶግራፋቸውን አንሥቷል፤ ስለ ጠባያቸው በጉዞ ማስታወሻው ያሰፈረው ፍርድ ግን የችኮላ ነበር፤ ያ ለስላሳ ወጣት ወላዋይ መስሎት ነበርና። ከሐረር ተነሥቶ በቅሎና አጃቢ ይዞ ዋቢ ሸበሌን ተሻገረ፣ ባሌ ውስጥ እስከ ሼኽ ሁሴን መካነ መቃብርም ደረሰ። ያመጣቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች ዛሬም በዚያው በሴንት ፒተርስበርግ ሙዚየም ይገኛሉ።

በኢትዮጵያ ዘፈን ሲሰበስብ በአስተርጓሚ እየታገዘ ነበር የሚሠራው። የሌላው ሰው ቃል በሦስተኛ ሰው በኩል ሲደርሰው በሩስኛ ምት መልሶ ያቆመዋል። ከኋለኛው የትርጉም ሥራው አንዳንዱም ከዚህ ልማድ ብዙም አይርቅም። በ1914 ግን የቴዎፊል ጎቲዬን የግጥም መድበል ከፈረንሳይኛ በቀጥታ ተርጉሞ አሳተመ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በፈቃዱ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ገብቶ ሁለት የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀል ተሸለመ። በ1918 ከአውሮፓ ሲመለስ አብዮቱ ሁሉንም ገልብጦት ነበር፤ እሱም ከአኽማቶቫ ተፋቶ ሌላ አገባ።

በተራበችው ፔትሮግራድ (ሴንት ፒተርስበርግ ያኔ የምትጠራበት ስም ነው) እንጀራ የሰጠው ትርጉም ነው። ማክሲም ጎርኪ የመሠረተው «የዓለም ሥነ ጽሑፍ» ማተሚያ ቤት ታላላቅ ሥራዎችን ሁሉ ወደ ሩስኛ ለመመለስ ሲነሣ፣ ጉሚልዮቭ የግጥሙን ክፍል ከሚመሩት አንዱ ሆነ። በ1919 ከኮርኔይ ቹኮቭስኪ ጋር ለተርጓሚዎች በወጣው መመሪያ ላይ የጻፈው ክፍል እስካሁን ይጠቀሳል። ተርጓሚው የስንኙን ቁጥር፣ ምቱን፣ ቤት የሚመታበትን ቅደም ተከተልና የቤት አመታቱን ዓይነት፣ ሐሳብ ከስንኝ ወደ ስንኝ የሚሻገርበትን መንገድ፣ የቃላቱን ደረጃ፣ የንጽጽሩን ዓይነት፣ የገጣሚውን ልዩ ዘዴና የድምፁን መለዋወጥ እንዲጠብቅ ያዛል። ዘጠኝ ትእዛዛት ናቸው፤ ከሙሴ በአንድ ስለሚያንሱ የተሻለ ይከበራሉ ብሎም ቀልዷል። ሕጉ ጥብቅ ነው፣ አንዳንዴም ከልክ ያልፋል፤ ግን በዘፈቀደ ይተረጎም ለነበረው ግጥም መለኪያ ሰጠው። የኮልሪጅን የአዛውንቱን መርከበኛ ግጥም የመለሰውም፣ የጥንቱን የሜሶፖታሚያ ግጥም ጊልጋሜሽን ያሳተመውም በዚሁ ዓመት ነው። ግጥሙ የተጻፈበትን አካድኛ ስለማያውቅ ጊልጋሜሽን የሠራው ከፈረንሳይኛ ትርጉም ነበር፤ መግቢያውን የጻፈው የአሦር ጥናት ሊቁ ቭላድሚር ሺሌይኮ ደግሞ በዚያን ጊዜ የአኽማቶቫ ባል ነበር።

በ1921 አፍሪካን አገር በአገር የሚያዞር የግጥም መጽሐፍ በሴቫስቶፖል አሳተመ፤ ከግጥሞቹ አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 3 ቀን በጸረ አብዮት ሤራ ተጠርጥሮ ተያዘ፤ በወሩ መጨረሻ ገደማም ተረሸነ። ዕድሜው 35 ነበር። ሥራዎቹ በሶቪየት ኅብረት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይታተሙ ቆይተው፣ ከ1986 ጀምሮ በይፋ ለመታተም በቁ። በ1991 ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አድርጎ ስሙን አጸዳ።