ከስክሪኑ ወደ ተማሪው

ሳይንስን በኮምፒዩተር ሲሙሌሽን ስለማስተማር ሲነሳ አብዛኛው ወሬ ስለ ማሽኑ ነው። ለውጡ የመጣው ግን ሠሪዎቹ ዓይናቸውን ከማሽኑ አንስተው ተማሪውን ማየት ሲጀምሩ ይመስለኛል። ማሽኑማ ቀድሞም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፕላቶ፣ ውሎ አድሮ ተማሪዎች የፍራፍሬ ዝንቦችን በስክሪን ላይ እያዳቀሉ የዘር ውርስን ሕግ የሚፈልጉበት ትምህርት ነበረው። ተርሚናሉ ውድ ስለነበር ግን ለተራው ትምህርት ቤት የሚቀመስ አልነበረም።

ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ፤ በዓመቱ፣ ከሽልማቱ ገንዘብ ከፊሉን ጨምረው፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ፌት የተባለውን የሲሙሌሽን ፕሮጀክት አቋቋሙ። የፕሮጀክቱን የኤሌክትሪክ ዑደት ሲሙሌሽን እንይ። ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ጎትቶ ያገናኛል። ዑደቱ ሲዘጋ ሰማያዊዎቹ ኤሌክትሮኖች በሽቦው ሁሉ ላይ በአንዴ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ አምፖሉም ይበራል። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ ሽቦ ያገናኘ ደግሞ ባትሪው በእሳት ሲያያዝ ያያል። ብዙ ተማሪ አምፖሉ ኤሌክትሪኩን «በልቶ» የሚጨርሰው ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ወደ አምፖሉ የገቡት ኤሌክትሮኖች በሌላው በኩል ሲወጡ በዓይኑ ያያቸዋል። ቡድኑ ተማሪዎችን አስቀምጦ የሚያስቡትን እየተናገሩ እንዲሠሩ ይጠይቅ ነበር። ዝርዝር መመሪያ የተሰጣቸው የታዘዙትን ሠርተው ያቆማሉ፤ ጥቅል ጥያቄ ብቻ የቀረበላቸው ግን ራሳቸው እየነካኩ ይመረምራሉ። ከሥዕሉ ውበት ይልቅ ይህ ግኝት ይበልጥብኛል።

እውነተኛውን ቤተ ሙከራ የሚተካ የለም የሚል ተቃውሞ አለ፤ አግባብም ነው። ሆኖም የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪው ኖኅ ፊንከልስታይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት አሳየ፦ በሲሙሌሽኑ የተማሩት፣ በእውነተኛ ዕቃ ከተማሩት ይልቅ በጽንሰ ሐሳብ ፈተናም፣ እውነተኛ ዑደት ገጥሞ አሠራሩን በማስረዳትም በልጠው ተገኙ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ሽቦ ውስጡን ይደብቃል፣ ሲሙሌሽኑ ይገልጣል። ከዚህ ተነስቶ ቤተ ሙከራዎችን መዝጋት ግን ስሕተት ነው። የላላ ሽቦን መፈለግንና የመለኪያን ስሕተት መገመትን የሚያስተምረው ዕቃው ራሱ ነው።

ስክሪንን በፕላዝማ ቴሌቪዥን አይተነዋል የሚል የኢትዮጵያ አንባቢም ይኖራል። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲሰራጭ፣ ያልገባው ተማሪ ትምህርቱን አቁሞ መጠየቅ አይችልም ነበር፤ ለመምህሩም የተረፈችው ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚነካው ተማሪውን ተመልካች ብቻ ያደረገውን አሠራር ነው። ሲሙሌሽን ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ተማሪው፣ ጥያቄውን የሚያቀርበው መምህሩ ነው። መምህሩ ዝርዝር ትእዛዝ ጽፎ ካደለ ግን፣ ሲሙሌሽኑም ተመልሶ ፕላዝማ ይሆናል።