ናፍቆት፤ የአንድ የፍቅር ደብዳቤ ቃል ታሪክ

በአማርኛ የሚጻፍ የፍቅር ደብዳቤ መልኩን ያገኘው ከፍቅር ሳይሆን ከቤተ መንግሥት ይመስለኛል። ‹‹ይድረስ ከ…›› ብሎ መነሣት፣ ‹‹እንዴት ሰንብተዋል›› ብሎ መጠየቅ፣ ‹‹እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ›› ብሎ የራስን ጤና ማስታወቅ በዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤዎች የምናገኘው ሥርዐት ነው። ኢትዮጵያ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ቴምብር ካወጣች፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች በኋላ ደብዳቤ ቀስ በቀስ የተራው ሰው መገናኛ ሲሆን፣ ይኸው ሥርዐት ከነምስጋናው ወደ ባልና ሚስት፣ ወደ እጮኛሞችም ተሻገረ። አፍቃሪው በዚህ አጥር ውስጥ ለራሱ ያገኛት ክፍተት አንዲት ናት፤ ‹‹ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ›› የምትለው። ጤና ተነግሮ ሳያበቃ ናፍቆት እንደ ሕመም ተቈጥሮ ይገባል። ብዙ ደብዳቤዎች ስለ ፍቅር የሚሉት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ይበቃቸውም ነበር።

ቃሉ ከየት መጣ? በግእዝ ነፈቀ ማለት ከፈለ፣ ለሁለት ገመሰ ማለት ነው። መንፈቅ ከዚህ ይወጣል፤ ዛሬም የዓመቱን ግማሽ መንፈቅ፣ የሌሊቱን እኩሌታ መንፈቀ ሌሊት እንላለን። ናፈቀ ሲሆን ደግሞ ሐሳቡ ተከፈለ፣ ተጠራጠረ ማለት ይሆናል፤ መናፍቅና ኑፋቄ የተገኙት ከዚህ ነው። የአማርኛው ናፈቀም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ ግን የተከፈለው ሃይማኖት ሳይሆን ሰውየው ራሱ ነው፤ አካሉ እዚህ፣ ልቡ እዚያ። (ሰባኪና አፍቃሪ ከአንድ ሥር ቃል ቀድተው፣ አንዱ ለውግዘት ሌላው ለልመና ማዋላቸው ያስደንቃል።)

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከትርጉሙ ይልቅ የሚያስቸግረው አገባቡ ነው። ‹‹ልጁ እናቱን ናፈቀ›› እንላለን፤ ‹‹ልጁን እናቱ ናፈቀችው››ም እንላለን። በመጀመሪያው ባለቤቱ ናፋቂው ነው፤ በሁለተኛው የተናፈቀችው ናት። ስለዚህ ‹‹ናፍቄሃለሁ›› የሚለው ቃል ‹‹አንተን ለማየት ጓጉቻለሁ›› ተብሎም፣ ‹‹አንተ እኔን ለማየት ጓጉተሃል›› ተብሎም ሊነበብ ይችላል።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ባለቤታቸው ወደ ሰሜን ለዘመቱ አንዲት ጎረቤታችን ደብዳቤ እጽፍላቸው ነበር። አንድ ቀን የነገሩኝን አሳምሬ ‹‹እጅግ ናፍቄሃለሁ›› ብዬ ጻፍሁና አነበብሁላቸው። ቆጣ ብለው፣ ‹‹ልናፍቀው አልናፍቀው በምን አውቃለሁ? ናፈቅኸኝ በልልኝ እንጂ! እሱ ነው የናፈቀኝ፤›› አሉኝ። ሰርዤ እንዳሉት ጻፍሁ። ለዚያ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። እትዬ ግን ባልየው ሳይጽፍ የእርሱን ናፍቆት ለራሳቸው መመስከር አልፈለጉም ነበር፤ የሰዋስው ትምህርት ያልነገረኝን ልዩነት በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱኝ።

ተርጓሚዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ‹‹አይ ሚስ ዩ›› ሲል ናፋቂውን ባለቤት ያደርጋል፤ ያንን ቅደም ተከተል ተከትሎ ‹‹ናፍቄሻለሁ›› ብሎ መመለስ ስሕተት ባይሆንም አሻሚ ነው። ፈረንሳይኛው ‹‹ቱ ም ማንክ›› ግን እንደ ጎረቤታችን የራቀውን ሰው ባለቤት ያደርጋል፤ ያለ ጭንቀት ‹‹ናፈቅሽኝ›› ይሆናል። መዝገበ ቃላትም ናፈቀን ሲያስገባ ፍቺውን ብቻ ሰጥቶ ማለፍ የለበትም፤ ሁለቱን አገባቦች ከነምሳሌያቸው ለይቶ ማሳየት አለበት።

ናፍቆት በመንፈቅ ሥር ይደርደር ወይስ ለብቻው ይቁም ለሚለው፣ ለብቻው ቆሞ ወደ መንፈቅ የሚመራ ምልክት ቢደረግለት እመርጣለሁ። ከኑፋቄ ጋር በአንድ ዐምድ ውስጥ ማስቀመጡ ሥሩን ለሚያጠና ይጠቅማል፤ ደብዳቤ ለመጻፍ ቃሉን ለሚፈልግ ሰው ግን አይመችም።